ጨዋው ልጅና የፈራው ልጅ፦ ሕፃናት በራሳቸው ተማምነው ጓደኛ እንዲያፈሩ የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

ሕፃናትን የሚመረምር የጤና ባለሙያ ጊዜውንና ትዕግሥቱን በአብዛኛው የሚያውለው ለሚያለቅሰው፣ ለሚታገለውና የምርመራ ክፍሉን ለሚያተራምሰው ልጅ ነው። ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ የተሸሸገው፣ ስሙን ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋውና እናቱ የምትመልስለት ልጅ ግን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ተብሎ ተመስግኖ ይሸኛል። በአገራችን ልጅ በታላላቆቹ ፊት ቃል አለማብዛቱና ዓይኑን ሰበር ማድረጉ የመልካም አስተዳደግ ምልክት ሆኖ የኖረ ነው፤ ይህም በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ስሕተቱ የሚመጣው በጨዋነት ዝም ያለውና በፍርሃት ዝም ያለው ልጅ አንድ ስም ሲሰጣቸው ነው። ሁለቱ በአዋቂ ፊት ሲቆሙ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት በእኩዮቻቸው መካከል ነው፤ የመጀመሪያው ከክፍሉ እንደወጣ በግቢው ካገኘው ልጅ ጋር ሲሯሯጥ ይታያል፤ ሁለተኛው ግን እዚያም ከእናቱ አይለይም።

ጓደኛ ማፍራት ያልቻለ ልጅ የሚቀርበት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን መቀበልን፣ ተጣልቶ መታረቅን ልጆች የሚማሩት ከወላጅ ይልቅ ከእኩያ ነው፤ ወላጅ ያዝንለትና ይለቅለታል፣ እኩያ ግን አይለቅለትም። ፍርሃቱ ሥር ሰድዶ ማኅበራዊ ጭንቀት ወደሚባለው ሕመም ሲሸጋገር ደግሞ ትምህርት ቤትን መጥላት፣ ድብርትና በኋለኛው ዕድሜ የአልኮል ሱስ ሊከተሉት ይችላሉ። በአሜሪካ የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው ይህ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን የጀመራቸው እስከ 13 ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው። ታማሚዎቹ ሕክምና የሚሹት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በመካከል ያለው ረጅም ጊዜ የሚያልፈው «ጨዋ ነው» በሚለው ምስጋና ሥር ነው።

ተፈጥሮ፣ አስተዳደግና ዘመን

ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ ለአዲስ ነገር የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1956 በኒው ዮርክ ጥናታቸውን የጀመሩት አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ ለዓመታት ከተከታተሏቸው ልጆች መካከል ከመቶ 15 ያህሉን ቀስ ብለው የሚሞቁ ሲሉ መድበዋቸዋል። እነዚህ ልጆች አዲስ ሰውና አዲስ ቦታ ሲያጋጥማቸው በመጀመሪያ ያፈገፍጋሉ፤ ጊዜ ከተሰጣቸውና ካልተገደዱ ግን ይላመዳሉ። የሐርቫርዱ ጀሮም ኬገንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው የዕድሜ ዓመታቸው እጅግ ጥንቁቅና ዓይነ አፋር የነበሩ ልጆች ብዙዎቹ እስከ ስድስተኛው ዓመታቸው ድረስ ይህንኑ ጠባይ ይዘው መዝለቃቸውን አሳይተዋል። ከእነዚህ ልጆች በብዙዎቹ ዘንድ የሲምፓተቲክ ነርቭ ሥርዓትና የኮርቲሶል ምርት ለአዲስ ነገር ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይነሣሣል። እንግዲህ «እንዲሁ ማፈር ነው፣ ይተወው» ብሎ መገሠጽ ልብህ አይምታ ብሎ እንደማዘዝ ነው።

ይሁን እንጂ ተፈጥሮ የተጻፈ ፍርድ አይደለም። ጥንቁቅ ሆነው ከተወለዱት ልጆች በማኅበራዊ ጭንቀት የመያዝ ዕድል ያላቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቢበዙም በርካቶቹ ምንም ሕመም ሳይነካቸው ያድጋሉ። ረጋ ያሉ፣ ሰው የሚያዳምጡና ጥቂት ግን የጠበቀ ወዳጅነት ያላቸው ሰዎች ይሆናሉ። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ግብ ዝምተኛውን ልጅ ተጫዋች ማድረግ መሆን የለበትም፤ ሊሆንም አይችልም። ግቡ ልጁ የሚፈልገውን ወዳጅነት በፍርሃት ምክንያት እንዳያጣ ማድረግ ነው።

ልጁ የሚኖርበት ኅብረተሰብም ወሳኝ ነው። ዢንዪን ቼንና ባልደረቦቹ በሻንጋይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በ3 የተለያዩ ጊዜያት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1990፣ በ1998 እና በ2002 አጥንተው ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ዓይነ አፋር ልጆች በእኩዮቻቸው ዘንድ ተቀባይነት ነበራቸው፤ መምህራንም ያመሰግኗቸው ነበር። በ2002 ግን ዓይነ አፋርነት ከእኩዮች መገለልና ከድብርት ጋር ተያይዞ ተገኘ። በ12 ዓመት ውስጥ የልጆቹ ተፈጥሮ ሊለወጥ አይችልም፤ የተለወጠው ከተማው ነበር። ራስን ማስተዋወቅን፣ ተወዳድሮ ማሸነፍን የሚጠይቅ ኑሮ ሲመጣ ትናንት የተመሰገነው ዝምታ ዛሬ መሸነፊያ ሆነ። ይህን ጥናት የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ የራሱን ከተሞች ማሰቡ አይቀርም። በአንድ ግቢ አብረው ያደጉ፣ ጓደኛ መፈለግ ሳያስፈልጋቸው ጓደኛ የነበራቸው የሰፈር ልጆች ቤተሰቦቻቸው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ በማያውቋቸው ልጆች መካከል ይገኛሉ። ቀድሞ በጉርብትና በነጻ ይገኝ የነበረው ነገር አሁን ችሎታ የሚጠይቅ ሆኗል።

ሦስቱ ብቸኞች

በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤት ሜዳ ብቻውን የሚታይ ልጅ ከሦስት ዓይነት በአንዱ ሊመደብ ይችላል። አንደኛው ብቻውን መሆን የሚስማማው ነው፤ ሥዕሉን ይሥላል፣ መጽሐፉን ያነባል፣ ሲጠሩት ግን ሄዶ ይጫወታል። ይህ ልጅ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ወላጁን ማረጋጋት በቂ ነው። ሁለተኛው በጠብ አጫሪነቱ ወይም በቅብጥብጥነቱ ምክንያት ሌሎች የገፉት ነው፤ የእርሱ ጉዳይ ሌላ ምርመራና ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ሦስተኛው የዚህ ጽሑፍ ዋነኛ ጉዳይ ነው። እርሱም ዳር ቆሞ የሚያየው ልጅ ነው። ዓይኑ ከጨዋታው አይነቀልም፣ አንድ እርምጃ ቀረብ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። መጫወት ይፈልጋል፣ ይፈራልም። ይህን ምልክት በአግባቡ የሚያስተውሉት መምህራን ናቸው፤ ስለሆነም «በእረፍት ሰዓት ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ አለ?» ብሎ መምህሩን መጠየቅ ከብዙ መጠይቅ ይሻላል።

ለወላጅና ለልጅም አጭር ጥያቄ አለ። «ጓደኞች አሉት?» ማለት አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ ብዙ» ነው። ይልቁንም «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ይውላል? ስሙን ያውቁታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ስም ከተጠራ፣ የተጠራውም ልጅ በበኩሉ ይህንን ልጅ እንደ ጓደኛው የሚቆጥረው ከሆነ፣ ሥጋቱ በብዙ ይቀላል። አንድ ብቻ መሆኑ ሊያሳስብ አይገባም። ኧርነስት ሆጅስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት የእርስ በርስ የሆነ አንድ የቅርብ ጓደኛ መኖሩ ልጁን ከእኩዮች ጥቃትና ጥቃቱ ከሚያስከትለው ችግር ይጠብቀዋል። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚመኙት የተወደደ ልጅ ነው፤ ለልጁ የሚያስፈልገው ግን አንድ ሰው ነው።

ምክር ከመስጠት በፊት ልጁን መመርመር

የዓይነ አፋርነት መንስኤ ተብሎ ወደ ሥነ ልቡና ከመታለፉ በፊት የሰውነት ምርመራ መቅደም አለበት። ይህ የሐኪሙ፣ የነርሱና የጤና መኮንኑ ልዩ ድርሻ ነው፤ ማንም አማካሪ አይተካቸውም። ደጋግሞ የጆሮ መግል የያዘው ልጅ ጓደኞቹ የጠሩትን ሳይሰማ ይቀርና «ኩሩ ነው» ይባላል። ርቀት የማያይ ልጅ በሜዳው ማዶ እጁን የሚያወዛውዝለትን ልጅ አይለየውም፤ የኳስ ጨዋታውም ስለሚያሳፍረው ይሸሸዋል። ዓይኑን በሰሌዳ በ6 ሜትር ርቀት መመርመር ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው። የመስማት ችሎታን ከጀርባ ቆሞ በሹክሹክታ ቃል በመናገርና በማስደገም የሚመረምር ባለሙያ ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት፤ ዓይነ አፋሩ ልጅ እየሰማም ላይደግም ይችላል። ቃሉን ከማስደገም ይልቅ ሥዕል እንዲጠቁም ማድረግ ትክክለኛውን ውጤት ይሰጣል።

ሌሎችም አሉ። ቆረቆር የወጣበት ልጅ ኮፍያውን አያወልቅም፣ ልጆችም አይቀርቡትም፤ ለ6 ሳምንትና ከዚያም በላይ በግሪሶፉልቪን መታከሙ ከማንኛውም ምክር በላይ ጓደኛ ያስገኝለታል። በእንቅልፍ ሽንት የሚያመልጠው፣ የሚንተባተበው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደው፣ የሚጥል በሽታ ያለበትና «ይተላለፋል» በሚል የተሳሳተ እምነት ብቻውን እንዲቀመጥ የተደረገው ልጅ የሚሸሹት ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚህ ሁኔታዎች የልጁ ፍርሃት ትክክል ነው፤ ሊታከም የሚገባው ፍርሃቱን ያመጣው ነው።

ተጫዋች የነበረ ልጅ በድንገት ዝም ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ጠባይ ሳይሆን ለውጥ ነውና የእኩያ ወይም የአዋቂ ጥቃት፣ ፆታዊ ጥቃት፣ የቤተሰብ ሞት ወይም መለያየት ሊኖር እንደሚችል አስቦ ልጁን ለብቻው በጥንቃቄ ማነጋገር ግዴታ ነው።

በቤቱ እንደ ልቡ የሚናገር፣ በትምህርት ቤት ግን አንድም ቃል የማይወጣው ልጅ ካለ ሴሌክቲቭ ሙቲዝም የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው 5ኛ የምደባ መጽሐፍ ይህን ሕመም ከጭንቀት ሕመሞች ጋር መድቦታል። ሁኔታው ቢያንስ 1 ወር የቆየ መሆን አለበት፤ ትምህርት የተጀመረበት የመጀመሪያው ወር ግን አይቆጠርም። ሌላው ቅድመ ሁኔታ በእኛ አገር ይበልጥ ያስፈልጋል፦ ዝምታው የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ካለማወቅ የመጣ መሆን የለበትም። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ብቻ ከሚነገርበት ቤት መጥቶ በአማርኛ በሚያስተምር ክፍል የተቀመጠ ልጅ አልታመመም፤ ቋንቋ እየለመደ ነው። በእርግጥ የታመመውን ልጅ ደግሞ መምህሩ «እልኸኛ ነው» ብሎ ይቀጣዋል፤ ቅጣቱም ዝምታውን ያጠነክረዋል። ኦቲዝምን ለመለየት፣ ልጁ በቤቱ ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያይ፣ ደስታውን የሚያካፍልና የማስመሰል ጨዋታ፣ ለምሳሌ ዕቃ ዕቃ፣ የሚጫወት መሆኑን መጠየቅ ይረዳል።

በጤና ተቋሙ ውስጥ

«ዝም ካላልክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» የሚለው ማስፈራሪያ በየምርመራ ክፍሉ ይሰማል። አንዳንድ ባለሙያዎችም በፈገግታ ያልፉታል። ይሁን እንጂ ልጁ ከቤተሰቡ ውጭ ከሚያገኛቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ የሆነውን ባለሙያ ጭራቅ የሚያደርግ አባባል ስለሆነ በትሕትና መታረም አለበት።

ዓይነ አፋር ልጅን ለማነጋገር ፊት ለፊት ቆሞ «ስምህ ማን ነው? ምላስህን ድመት በላችው?» ማለት በሩን ይዘጋዋል። ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ ለአፍታ ልጁን ሳይሆን የያዘውን ነገር ማየት፣ ስለ እርሱም አስተያየት መስጠት ይሻላል። ጥያቄው ምርጫ ያለው ይሁን፦ «ይኼኛው ጫማህ ነው ወይስ የወንድምህ?» ከዚያ በዝምታ እስከ 5 መቁጠር ያስፈልጋል። 5 ሰከንድ ለተቸኮለ ባለሙያ ረጅም ነው፤ ለእናት ደግሞ ከዚያም ይረዝማልና ፈጥና ትመልስለታለች። እናቲቱ እንድትታገሥ ቀድሞ በእጅ ምልክት መንገር ተገቢ ነው። ልጁ በሹክሹክታም ቢመልስ ሳይገረሙና ሳያጨበጭቡ መቀበል ይገባል፤ «አየህ! መናገር ትችላለህ!» የሚለው ጩኸት የፈራውን ትኩረት መልሶ ያመጣበታል።

ለወላጆች የሚሰጥ ምክር

በወላጆች ዘንድ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይታያሉ። አንዱ ልጁን ወደ ብዙ ሰው ወርውሮ «ይልመደው» ማለት ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሂድና ሳማቸው» ተብሎ የሚገፋ ልጅ ከመልመድ ይልቅ በር ሲንኳኳ መደበቅን ይማራል። ሁለተኛውና ይበልጥ የተለመደው ስሕተት በፍቅር የሚፈጸም ነው። ይህም ስለ ልጁ መመለስ፣ ከሚያስፈራው ሁሉ ማሸሽ፣ «እርሱ እኮ ዓይነ አፋር ነው» እያሉ በፊቱ መናገር ነው። ልጁ በሸሸ ቁጥር ለጊዜው ይቀለዋል፤ ይህ እፎይታ ግን መሸሽን ያስተምረዋል፣ ያልሞከረው ነገር አደገኛ አለመሆኑንም የሚያውቅበት ዕድል አያገኝም። ሴት ልጅ ስትሆን ዝምታዋ ይበልጥ ስለሚወደስ ችግሩ ሳይታወቅ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። «ጓደኛ ያበላሸዋል፣ ትምህርቱን ያጥና» የሚሉ ወላጆችም ጥቂት አይደሉም። ሥጋታቸውን ማጣጣል አይገባም፤ ነገር ግን በ8 ዓመቱ ጓደኛ መምረጥን ያልተለማመደ ልጅ በ15 ዓመቱ የመጣለትን ሁሉ ለመቀበል የተጋለጠ መሆኑን ማስረዳት ይጠቅማል።

ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ያለ ደረጃ ነው። ሮናልድ ራፒና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ያልጀመሩ ጥንቁቅ ልጆች ያሏቸው ወላጆች በቡድን ለ6 ጊዜ ብቻ ትምህርት ተሰጣቸው፤ ከ12 ወር በኋላ የጭንቀት ሕመም የተገኘባቸው ልጆች ቁጥር ወላጆቻቸው ካልተማሩት ያነሰ ነበር። ልጆቹን በቀጥታ ያከማቸው አልነበረም።

ለኢትዮጵያ ቤተሰብ እጅግ ምቹ የሆነው ደረጃ ሱቅ መላክ ነው። አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ለሰው መናገር ትፈራለች እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት ከእናቷ ጋር ሄዳ ብሩን ለባለ ሱቁ ትሰጣለች እንጂ አትናገርም። በሁለተኛው እናቷ አጠገቧ ቆማ እርሷ «ዳቦ» ትላለች። ቀጥሎ እናቷ ከደጅ ትጠብቃታለች፤ ቀጥሎም ከጎረቤት ልጅ ጋር ሁለቱ ብቻ ይላካሉ። አንዱ ደረጃ ሳያስጨንቃት በተደጋጋሚ ካልተሠራ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ወደ ታች መመለስም እንደ ውድቀት አይቆጠርም። ባለ ሱቁ አስቀድሞ ቢነገረው ጥሩ ነው፤ አብዛኞቹ ባለ ሱቆች በዚህ ረገድ ግሩም ረዳቶች ናቸው።

ጓደኛን በተመለከተ ጅማሮው አንድ ልጅ፣ የታወቀ ቦታና አጭር ሰዓት ነው። በዕድሜ እኩያ ወይም ትንሽ የሚያንስ ረጋ ያለ የጎረቤት ወይም የክፍል ልጅ ለ1 ሰዓት ያህል ወደ ቤት ይጠራል። ቴሌቪዥን ይዘጋል። ጨዋታው ሞቅ እንዳለ፣ ጠብ ሳይነሣ፣ እንግዳው ይሸኛል። የጨዋታው ምርጫ ትኩረት ይሻል። ገበጣ ሁለቱንም ልጆች ወደ ሰሌዳው እንዲያዩ ስለሚያደርግ ዓይን ለዓይን መተያየት የሚያስጨንቀው ልጅ ይረጋጋበታል። ሰኞ ማክሰኞና ቅልብልቦሽ ተራ ያላቸው በመሆናቸው «አሁን ምን ልበል?» የሚለው ጭንቀት አይኖርም። ሱዚ ደግሞ ላስቲኩን የሚይዝ ስለሚፈልግ መዝለል ያልደፈረች ልጅ በያዥነት ገብታ ከጨዋታው ትቆጠራለች፤ ያዥ ስትፈለግ ማንም አይገፋትም። ድብብቆሽ ግን ለዚህ ልጅ አይመከርም፤ መደበቁንማ ከማንም በላይ ይችልበታል።

በመካሄድ ላይ ወዳለ ጨዋታ መግባት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ማርታ ፑታላዝና ጆን ጎትማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት በእኩዮቻቸው ያልተወደዱ ልጆች ወደ ቡድን ሲገቡ ስለ ራሳቸው እንደሚናገሩ፣ ጥያቄ እንደሚያበዙና የቡድኑን ሐሳብ እንደሚቃወሙ፣ የተወደዱት ግን ቡድኑ የያዘውን ጉዳይ እንደሚከተሉ አስተውለዋል። ይህን ለልጅ በቀላል ቋንቋ ማስተማር ይቻላል፦ ቀረብ ብለህ ጨዋታውን እይ፤ ኳሷ ወደ አንተ ስትመጣ መልስላቸው፤ ጎል ሲገባ ደስ ይበልህ፤ ከዚያ ጨዋታው ሲቆም «ለማን ልግባ?» በል፤ ሕጉን ለመለወጥ አትሞክር፤ እምቢ ካሉህ ነገ ሌላ ቡድን ሞክር። ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም በቤት ውስጥ ቢያለማምደው ይበልጥ ይጸናል። ሼሪ ኦደንና ስቲቨን አሸር እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳተሙት የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ብቸኛ ተማሪዎች መሳተፍን፣ መተባበርን፣ መነጋገርንና ለሌላው ማበረታቻ መስጠትን ለጥቂት ሳምንታት ሲሠለጥኑ በእኩዮቻቸው ዘንድ ተቀባይነታቸው ጨምሯል፤ ከ1 ዓመት በኋላም መሻሻሉ ቀጥሎ ተገኝቷል።

መምህሩን በተመለከተ የሚጠየቀው ጥቂት ነው። 50ና 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ፊት አቁሞ ማስነበብ በፈራው ልጅ ላይ አይጀመርም። ደብተር እንዲያድል፣ ሰሌዳ እንዲያጠፋ ከሌላ ልጅ ጋር ማጣመር፣ ከረጋ ተማሪ አጠገብ ማስቀመጥ፣ በስሙ መጥራት ይበቃል። ከጤና ተቋሙ ለመምህሩ የሚላክ የአንድ ገጽ ማስታወሻ ክብደት አለው።

ወደ ከፍተኛ ተቋም መላክ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ፍርሃቱ 6 ወር ያለፈው፣ ከአዋቂ ብቻ ሳይሆን ከእኩዮቹም ጋር የሚታይ፣ ከትምህርት ገበታ ያስቀረው ወይም ድብርትና ራስን የመጉዳት ሐሳብ የተጨመረበት ልጅ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ወዳለበት ተቋም መላክ አለበት። በእነዚህ ልጆች ላይ ዋነኛው ሕክምና የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና ነው። ለልጆች የጭንቀት ሕመም መድኃኒት ልዩ ሥልጠና በሌለው ባለሙያ እንዳይታዘዝ የዓለም የጤና ድርጅት መምሪያ ይመክራል፤ ዲያዜፓም አዝዞ መሸኘት ልጁን አያድነውም። ቤተሰቡ ጠበል ወይም ጸሎት የጀመረ እንደሆነ፣ ልጁ የማይቀጣበትና የማይታሰርበት እስከ ሆነ ድረስ ከምክሩ ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል።

ክትትሉ በየወሩ ቢሆን ጥሩ ነው። ያው ጥያቄ ይደገማል፦ «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ዋለ?» ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ በመስከረም ትምህርት ሲከፈት፣ ወይም ክፍልና መምህር ሲለወጥ፣ የተገኘው መሻሻል ለጥቂት ሳምንታት ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል ለወላጆች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ ደረጃው እንደገና ከታች ይጀመራል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ከመጀመሪያው ይልቅ አጭር ይሆናል።